የበግ መድኃኒት ለንዋይ ዓሣዎች

ርብቃ ሙላቴ በግ አክማለች፣ ላም አዋልዳለች፤ የአንድ ደብር አለቃ በቅሎ ረግጣት ሳምንት ሙሉ እያነከሰች ሥራ ገብታለች። ዓሣ ግን አክማ አታውቅም ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ዓሣ ማለት ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጥቶ ተጠብሶ የሚበላ ነገር ነው፤ ታሞ ሐኪም ይፈለግለታል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ አምና አንድ ረጅም ወጣት ከምትሠራበት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ «ለዓሣ የሚሆን የትል መድኃኒት አለሽ?» ሲላት የሚያሾፍባት መሰላት።

«ዓሣህ ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

«ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም።»

«እንዲያ ከሆነ ጠብሰውና ይገላገል።»

ወጣቱ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ጅራታቸው እንደ ቀሚስ የሰፋ፣ ቀለማቸው የተለያየ ትንንሽ ዓሣዎች በመስታወት ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ። ከአንዷ ሆድ ሥር ቀይ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ይታያል። ዓሣዋ ቆም ስትል ክሩ ይረዝማል፤ ስትንቀሳቀስ ተመልሶ ይገባል።

ርብቃ ሳቋን ዋጠች። ቀና ብላ አየችው። እንቅልፍ ያጣ፣ የከሳ ፊት ነው። የሚያሳዝን እንጂ የሚያምር ፊት አልነበረም፤ ቢሆንም ዓይኗን ቶሎ አላነሣችም።

«እውነቱን ልንገርህ፤ አላውቅም» አለችው።

«አላውቅም ያለኝ ሐኪም አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሌሎቹ ሁሉ ስቀው ነው የሸኙኝ።»

«እኔም እኮ ስቄያለሁ።»

«አንቺ ግን አቆምሽ» አላት።

ስሙ ንዋይ ነው። ባሕር ዳር ሳለ ዓሣ ማርባት ተምሮ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ፣ መስታወቱን ራሱ ቆርጦ ገንዳ የሚሠራ፣ ካፌና ክሊኒክ የሚያስውቡ ዓሣዎችን የሚያረባ ሰው ነው። ከተማው «የማይበላ ዓሣ የሚቀልበው» ይለዋል። ያን ጊዜ ዓሣዎቹ አንድም ሳይቀሩ አለቁ። ርብቃ በየማታው ከሥራ ስትወጣ እየሄደች አብራው ስታይ ከረመች፤ ምንም ልታደርግለት አልቻለችም። ዓሣው ሁሉ አልቆ ገንዳው ባዶ ከሆነ በኋላም መሄዷን አልተወችም። ለምን እንደምትሄድ ሁለቱም ያውቁታል፤ ማንኛቸውም ግን አልተናገሩም። ገንዳውን አጥበው ሲጨርሱ እጇን ይዞ ቆየ፤ እሷም አልነጠቀችውም።

ዓመት አለፈ። ንዋይ እንደገና አረባ። ርብቃ በበኩሏ ስለ ዓሣ ትል ያልጠየቀችው የቀድሞ መምህር፣ ያላነበበችው ጽሑፍ የለም።

አባቷ መሪጌታ ሙላቴ ግን የሚያነቡት ሌላ ነው። እናቷ ካረፈች ጀምሮ አንድ ልጃቸውን ጥሩ ቤት ሳያስገቡ እንዳይሞቱ ብቻ ነው የሚጸልዩት። የሐሙሲቱ እህል ነጋዴ ሙሉቀን ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰምተዋል፤ ሙሉቀን ደግሞ ምንም የማይወጣለት ጨዋ ሰው ነው፤ ርብቃን ይበልጥ ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

«የሙሉቀን ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን ብለዋል» አሏት መሪጌታ። «ያ የዓሣው ልጅ እንጀራ የሚሆን ሥራ ካለው ከዚያ በፊት ሽማግሌውን ይላክ፤ እሰማዋለሁ። ካልላከ ግን የነዚህን ቃል እቀበላለሁ። ትስማሚያለሽ?»

ርብቃ እርግጠኛ ስለነበረች ተስማማች። በጋሳይ መንገድ ላይ አዲስ ሆቴል ተሠርቷል፤ ባለቤቱ ከመግቢያው ግድግዳ ግራና ቀኝ ትልልቅ የዓሣ ገንዳ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ዓርብ መጥቶ ዓሣዎቹን አይቶ ውል ሊፈርም ነው። ዓርብ ውል፣ ቅዳሜ ሽማግሌ። «ቃሌ ቃል ነው፣ አባ» አለቻቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ንዋይ ደወለ።

«ርብቃ፣ ትሉ ተመልሶ መጥቷል።»

ርብቃ መድኃኒት ቤቱን ዘግታ ሮጠች።

የእናቱ የወይዘሮ የሺ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው እሳቸው ይኖራሉ፤ ሌላውን ዓሣዎቹ ይዘውታል። ርብቃ በትልቁ ገንዳ ፊት ተንበርክካ አየች። ቀዩ ክር ከሦስትና ከአራቱ ሆድ ሥር ይታያል። ከቦርሳዋ ቴትራሚዞል አወጣች፤ ገበሬው ለበጉ የሚገዛው የትል ክኒን ነው።

«ይኼ የበግ አይደለም እንዴ?» አለ ንዋይ።

«የበግ ነው። ግን በክብደት አይደለም የምሰጠው፤ በውሃው ልክ ነው የማሰላው። ትሉን ሽባ ያደርገዋል፤ ዓሣዋ ራሷ ትጥለዋለች። ነገ የወደቀውን ከወለሉ ጠርገን ውሃውን እንቀይራለን።»

ንዋይ የወቀጠችውን ዱቄት አየ። «ብዙ አይደለም? ግማሹን እናድርግ።»

«ግማሹ ትሉን አይነቅለውም።»

«አምና አላውቅም ብለሽኝ ነበር።»

«አምና አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

ርብቃ ዱቄቱን በውሃ በጠበጠችው። «አሁን አውቃለሁ። ከተበላሸ በኔ ይሁን።»

ንዋይ አያት። ዓይኑ ላይ ፍቅርም ፍርሃትም ነበረበት፤ የቱ እንደሚበልጥ መለየት አልቻለችም። ዞር አለላትና መድኃኒቱን ጨመረች። ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያደክመው ገንዳውን በጋቢ ሸፈኑት።

«ምግብ እንዳትሰጡ» አለች ርብቃ እጇን እየታጠበች። «ባዶ ሆዳቸውን ይደሩ።»

ወይዘሮ የሺ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ባለፈው ክረምት ከልጃቸው ጋር «ወይ እኔ ወይ ዓሣው» እስኪባባሉ ተጣልተው ነበር፤ እርቅ ያወረዱት ለጥምቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሣዎቹ በጎ በጎውን ለመናገር ይጥራሉ።

«ልጆቼ፣ የያዛቸው ትል ነው አላችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ የሺ።»

«ታዲያ ኮሶ አይሻላቸውም?»

ንዋይ በሳቅ ፈነዳ። ርብቃም ጭንቀቷ ይሁን ምን፣ ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወይዘሮ የሺ አብረው ፈገግ አሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ርብቃ ውሃውን ልትቀይር መጣች። ንዋይ መስታወት ሊያመጣ ወደ ሐሙሲት ወርዷል። ጋቢውን ገለጠችው።

ውሃው ደፍርሶ ቀልቷል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ፤ ብዙዎቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ወለሉን አየች። ከዓሣዎቹ ሆድ የወጡት ቀያይ ትሎች ተጠቅልለው ወድቀዋል። መድኃኒቱ ሠርቷል። ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? እጇን ነክራ አሸተተች። ልጅ ሳለች አፍንጫዋን ይዘው ካጠጧት ጊዜ ጀምሮ ይኼን ሽታ አትረሳውም፤ ኮሶ ነው።

ዞር ስትል ወይዘሮ የሺ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ባዶ ሆዳቸውን ይደሩ ስትይ ጊዜ ...» አሉ። «ኮሶም የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ዓሣዎቹ ፍዝዝ ብለው አየኋቸው። ያንቺን መድኃኒት ያግዝልኝ ብዬ፣ በማለዳ እኔም ሳልቀምስ ወቅጬ ጨመርኩት። ልጄ ነገ በሆቴሉ ሰውዬ ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው። ምን አደረግሁ? ርብቃ፣ ምን አደረግሁ?»

«ባልዲ ያምጡ!»

ሁለቱ ሴቶች ዓሣዎቹን በጨርቅ እየቀዱ በተዘጋጀው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከተቱ። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ወይዘሮ የሺ እያንዳንዷን የሞተች ዓሣ ሲያነሡ «እኔን» ይላሉ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል።

በዚህ መሐል ንዋይ ገባ።

ባልዲውን አየ፤ ገንዳውን አየ፤ ወለሉ ላይ በጨርቅ የተዘረጉትን ዓሣዎች አየ። ወይዘሮ የሺ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ርብቃን አዩዋት። ዓይናቸው ይለምን ነበር።

ርብቃ በዚያች አፍታ ብዙ ነገር መጣባት። ያ የክረምቱ ጠብ። ንዋይ «እናቴ ሆን ብላ ነው» ቢልስ? ከዚህ በኋላ እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ይኖራሉ? ደግሞ ትናንት ያ ሳቅ፤ ሴትዮዋ ጠይቀው ነበር፤ አይሆንም፣ ይገድላቸዋል ብሎ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ንዋይ።

«አበዛሁት» አለች ርብቃ።

«ምን አልሽ?»

«መድኃኒቱን አበዛሁት። የኔ ጥፋት ነው።»

ንዋይ አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻላት።

«ግማሹን እናድርግ ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«ነገ ሰውየው ይመጣል። እሑድ ደግሞ ...» አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂጂ፣ ርብቃ። እባክሽ ሂጂልኝ።»

ርብቃ ትንሽ ቆየች። ወይዘሮ የሺ ይናገራሉ ብላ ሳይሆን፣ እሱ ዞር ይላል ብላ ነው። አልዞረም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮቴ ከኋላዋ እየሰማች መስሏት ደጋግማ ተገላመጠች። ማንም አልነበረም።

ዓርብ የሆቴሉ ባለቤት መጥቶ በሰፊው ገንዳ ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ዓሣዎች አይቶ፣ «እስቲ እናስብበት» ብሎ እንደሄደ ርብቃ ከደንበኛ ሰማች። ስልኳን ከፊቷ አስቀምጣ ዋለች። መጀመሪያ ለንዋይ አዘነች፤ ቀጥሎ ተናደደች። ዓመት ሙሉ ያወቃት ሰው ነው። አንዲት ጠብታ ስትለካ ትንፋሿን እንደምትይዝ ያያል። እንዴት ተሳሳትሽ ብሎ አንድ ጥያቄ እንኳ አይጠይቃትም? እውነቱን ደውላ ልትነግረው ስልኩን አነሣች፤ የእናቱ ዓይን ታያትና መልሳ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ማንም ሽማግሌ አልመጣም።

«ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» አሏት መሪጌታ።

«አይመጣም፣ አባ።»

መሪጌታ የፈለጉት ሆኖ ሳለ ደስ ያላቸው አይመስሉም። የልጃቸውን ፊት ብዙ አዩት። «ቃልሽስ?»

«ሰጥቻለሁ፤ አላነሣም» አለችና ጓዳ ገብታ፣ ድምፅ እንዳይሰማባት ውሃ እየቀዳች አለቀሰች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት የሚመሯቸው አቶ ጥላዬ የሚባሉ፣ ብዙ ያስታረቁና ብዙ ያጋቡ ሰው ናቸው። መሪጌታ ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። በደንቡ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡምና በግቢው መሐል ቆሙ። ርብቃ ከጓዳው በር ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«መሪጌታ» አሉ አቶ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዛሬ የመጣነው ...»

የግቢው በር ተከፈተ።

ወይዘሮ የሺ ናቸው። ጎብጠዋል። አንገታቸው ላይ ከወገባቸው የሚሰፋ ጥቁር ድንጋይ ተሸክመው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈውት በቀስታ ይራመዳሉ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቅርታ ፈላጊ ነኝ። ስለ እግዚአብሔር ስሙኝ።»

መሪጌታ ደነገጡ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ጥላዬ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ድንጋይ የተሸከመ ሰው ቆሞ እያለ ሌላ ጉዳይ አናነሣም። ይናገሩ፣ እናቴ። ማንን በደሉ?»

«የዚህን ቤት ልጅ። ርብቃን።»

ከዚያ ድንጋዩ እንደከበዳቸው ሁሉንም ተናገሩ። ኮሶውን፣ ማለዳውን፣ ዝምታቸውን። «እሷ እኔን ላለማሳፈር በራሷ አመካኘች። እኔ ደግሞ ልጄን ፈርቼ ዝም አልኩ። የሷ መድኃኒት ትክክል ነበር፤ የተረፉት ዓሣዎች ትል የለባቸውም፤ ድነዋል። ትናንት ማታ ለልጄ ነገርኩት። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ነገርኩ።»

መሪጌታ ወደ ጓዳው ዞሩ፤ ድምፃቸው ሰለል አለ።

«ርብቃ፣ ነይ። አውርጂላቸው።»

ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው ነው። ርብቃ ወጥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችላቸው። ይኼን ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ወጡት?

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ የሺ» አለች። «እኔም ሲጠይቁኝ ስቄብዎታለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ» ብለው ጉንጯን ሳሟት። እንባቸው አረጠባት።

አሁን ድንጋዩ መሬት ላይ ሊቀመጥ ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ይኸንኑ ነበር። ርብቃ ግን አላስቀመጠችውም።

«ልጅዎ የት ነው?»

«ከአጥሩ ውጪ። ምን ፊት አለኝ ብሎ አልገባም አለ።»

ርብቃ ድንጋዩን እንደታቀፈች፣ ሽማግሌዎቹን አልፋ ወደ በሩ ሄደች። መሪጌታ «ርብቃ!» አሉ፤ አልሰማችም።

ንዋይ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ሲያያት ቀና አለ።

«ሁሉንም ነገረችኝ» አላት።

«እሷ ባትነግርህስ?»

ንዋይ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ዓመት ሙሉ አውቀኸኛል። እንዴት ተሳሳትሽ እንኳ ብለህ አልጠየቅኸኝም። ሂጂ አልከኝ፤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ይጠራኛል፣ ይጠራኛል እያልኩ ነው የሄድኩት።» ድንጋዩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ከእናትህ ጋር ምንም የለኝም። እኔን የበደልከኝ አንተ ነህ።»

ንዋይ አንገቱን ደፋ። ርብቃ ድንጋዩን ትከሻው ላይ ጫነችው።

ከግቢው ውስጥ የአቶ ጥላዬ ድምፅ ተሰማ። «መሪጌታ፣ እኛ የመጣንበትን ነገር ገና አልተናገርንም። ያልጠየቅነውን ከለከላችሁን አንልም። ለሙሉቀን ስንደርስ እርቅ ላይ ደረስን እንለዋለን፤ አስተዋይ ልጅ ነው፣ ይገባዋል።» ቀጥለው ሦስቱም ወጡ። አቶ ጥላዬ በንዋይ አጠገብ ሲያልፉ ድንጋዩን አዩት፤ ልጅቷንም አዩዋት። «ጠበቅ አድርገህ ያዘው» አሉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መሪጌታ ተከትለው ብቅ አሉ።

«የሆቴሉ ሥራ ቀረ አሉ?»

«ቀረ፣ አባታችን» አለ ንዋይ ከድንጋዩ ሥር።

«አሁን ምን ልትሠራ ነው?»

«በተረፉት እንደገና እጀምራለሁ።»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። ላላጠፋችው ጥፋት ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብላ፣ ቃሏን ለመጠበቅ የማትወደውን ልትቀበል ተዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ውሃ ትቀዳለች ብለው ነበር የሚያስቡት። ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።

«ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «ስለዚህ የመለስኩትም መልስ የለም። የሚጠይቅ ካለ በሬ አይዘጋበትም።» የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ትተውት፣ ወይዘሮ የሺን ደግፈው ወደ ቤት አስገቡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ርብቃ።»

«አቤት።»

«ነገ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«እንዲህ ጎብጠህ?»

«አንቺ እስክታወርጂልኝ አልንቀሳቀስም።»

ጸሐይ እስክትጠልቅ ልታቆመው አስባ ነበር፤ ይገባዋልም። ላቡ ግን በግንባሩ እየወረደ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እጁ ስለተያዘም መጥረግ አልቻለም። ርብቃ ቀረበችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ በኋላ መቆጣቱ አልሆነላትም።

«ሁለተኛ ሂጂ እንዳትለኝ።»

«አልልሽም።»

«ተቆጣ፣ ጩህ፣ ተጣላኝ። ሂጂ ብቻ እንዳትለኝ።»

«አልልሽም፣ ርብቃ።»

ያን ጊዜ ድንጋዩን አወረደችለት።